መድኃኒቱ ነው ወይስ ሌላ? ሽፍታ ላይ የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መድኃኒት ጀመርን፣ ሽፍታ ወጣብን፣ ምን እናርግ የሚሉ ናቸው። ከመጀመሬ በፊት ግን፣ አሁን ሽፍታ ላይ ትኩሳት የጨመረበት፣ አፉ ወይ ዓይኑ የቆሰለ፣ ቆዳው ውሃ የቋጠረ ሰው ካለ ማንበቡን ትቶ ኢመርጀንሲ ይሂድ፣ የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች በሙሉ ይዞ።

ጥያቄ፦ እህቴ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ጀምራ በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳትና የጉሮሮ ህመም ያዛት፣ ጉንፋን ነው ብለን ፓራሲታሞል ሰጠናት። በማግስቱ ሰውነቷ ሽፍታ በሽፍታ ሆነ፣ አፏ ቆሰለ፣ ቆዳዋ ተላጠ። ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ነው ተብላ ተኝታ ታክማ ድናለች፣ እናታችን ግን ፓራሲታሞሉ ነው ያቃጠላት ብላ ቤት ያለውን ሁሉ ጣለችው። እውነቷን ነው?

መልስ፦ እንኳን ተረፈችላችሁ። እናትሽ አይፈረድባትም፣ ማታ የተዋጠ ኪኒን ጠዋት ሽፍታ ከተከተለው ማንም ሰው እሱን ነው የሚይዘው። ግን ይሄ በሽታ፣ ማለትም መድኃኒት የሚያስነሳው ቆዳን፣ አፍንና ዓይንን የሚያቆስል ከባድ ሪአክሽን፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 ቀን እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ አንዳንዴ እስከ 8 ሳምንትም ይሄዳል፣ ደግሞ ቆዳ ላይ ከመታየቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ትኩሳት፣ ጉሮሮ ማመም፣ ዓይን ማቃጠል ይመጣል፣ ቁርጥ ጉንፋን ነው የሚመስለው። እና እህትሽ ፓራሲታሞሉን የዋጠችው በሽታው ከጀመራት በኋላ ነው ማለት ነው፤ እሳት ሊያጠፋ የመጣን ሰው አቃጠልክ ብሎ እንደመክሰስ ነው። ፓራሲታሞል ንፁህ ነው እያልኩ አይደለም፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 እጅግ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመጣ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል፣ ግን ሦስት ሳምንት የሆነው ካርባማዜፒን እዛው ቁጭ ብሎ ሌላ መጠርጠር አያስኬድም።

ነገሩን ያስረዘምኩት ወድጄ አይደለም። ቤተሰቡ ፓራሲታሞልን ጥፋተኛ ብሎ ከያዘ አንድ ቀን ሌላ ሐኪም ሳያውቅ ካርባማዜፒን ቢያዝላት ማንም አይከለክላትም፣ ሁለተኛው ዙር ደግሞ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል። ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ኦክስካርባዜፒንም የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው፣ እነሱም ሊያስነሱባት ይችላሉ። የመድኃኒቱ ስም በፅሁፍ ይሰጣት፣ ቦርሳዋ ውስጥ አይጥፋ፣ ስልኳ ላይም ፎቶው ይኑር። ዓይኗንም የዓይን ሐኪም ይከታተላት፣ ቆዳው ከዳነ በኋላ እንኳ ዓይን መድረቅና ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ መታጠፍ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ለሪህ አሎፑሪኖል ከጀመሩ አምስት ሳምንታቸው ነው። ሽፍታ አለባቸው፣ ፊታቸው አብጧል፣ አንገታቸው ላይ እጢ ወጥቷል፣ ያተኩሳቸዋል። አፋቸው ግን ደህና ነው፣ እንጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ውሰዷቸው፣ የዛሬውንም ኪኒን አይዋጡት። የአፍ ደህና መሆን አያዘናጋችሁ፣ ያልሽው ሁሉ ድሬስ ለሚባለው የመድኃኒት ሪአክሽን ይገጥማል፣ እሱም ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። ዋናው ጣጣ ቆዳው ላይ ሳይሆን ውስጥ ነው፣ ጉበትና ኩላሊት ይነካል፣ ስለዚህ የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። አሎፑሪኖል በዚህ የታወቀ ነው፣ በተለይ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይና በከፍተኛ መጠን ሲጀመር።

ጥያቄ፦ ሁሉም ቦታ "ቀይ ሽፍታ" ይላል፣ እኔ ጥቁር ነኝ፣ ምኑን ቀይ ልይ?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ መፅሐፎቹ ላይ ያሉት ፎቶዎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ናቸው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ወይ ግራጫ ይመስላል፣ ወይ ደግሞ መሃሉ ይበልጥ የጠቆረ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ለነገሩ ከቀለሙ ይልቅ ህመሙን ጠይቂ። የሚያሳክክ ሽፍታ ያበሳጫል እንጂ አብዛኛው ቀላል ነው፣ አንሶላ ሲነካው እንደ ቃጠሎ የሚያም ቆዳ ግን ያስፈራል። ከንፈርና ምላስ፣ ዓይን፣ ሽንት ሲሸና ማቃጠል፣ ይሄንንም ተመልከቺ (የመጨረሻውን ብዙ ሰው አፍሮ ለሐኪም አይናገርም፣ ተናገሩ)። መዳፍሽ ከነጣቶቹ የሰውነትሽ 1 በመቶ ያህል ነው፣ ሐኪሞች የተላጠውን በዚህ ይለካሉ። ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ስቲቨንስ ጆንሰን ይሉታል፣ ከ30 በላይ ከሆነ ቴን ይሉታል፣ የዚያው በሽታ የከፋው መልክ ነው፣ እዛ ከደረሰ ከአስር ሰው ሦስት ያህሉ ይሞታል።

ጥያቄ፦ ኮትሪሞክሳዞል በወሰድኩ ቁጥር ከንፈሬ ላይ እዛችው ቦታ ክብ ነገር ይወጣና ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ምች ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ምች መድኃኒት ጠብቆ አይመጣም። ይሄ ፊክስድ ድራግ ኢራፕሽን የሚባለው ነው የሚመስለው፣ ቦታውን የማይለቅ። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችና ቴትራሳይክሊንም ያመጡታል። ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፣ ግን በደገምከው ቁጥር ቦታው ሊበዛ ይችላል፣ ስለዚህ ሐኪም አይቶ ያረጋግጥልህ፣ እስከዛ ኮትሪሞክሳዞል በቃህ።

ጥያቄ፦ ልጄ አሞክሲሲሊን በጀመረ በስድስተኛው ቀን ሰውነቱ ላይ ነጠብጣብ ወጣ፣ ይጫወታል ይበላል። ዕድሜ ልኩን ፔኒሲሊን ሊከለከል ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ልጆች ላይ እንዲህ ዘግይቶ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ልጁን ከያዘው ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው፣ በኋላ ሲመረመሩ አብዛኞቹ መድኃኒቱን ይችሉታል። ሐኪሙ ሳያየው ግን የሚቀጥለውን አትስጪው።

ጥያቄ፦ ለሚጥል በሽታ ላሞትሪጂን 200 ሚሊግራም ነበር የምወስደው፣ ሁለት ሳምንት አቋረጥኩ፣ በነበረው ልቀጥል?

መልስ፦ በፍፁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ አዲስ ጀማሪ ነሽ፣ ከትንሹ ተነስቶ ቀስ እያለ ነው የሚጨመረው፣ በአንዴ ከፍ ማድረግ ነው ሽፍታውን የሚጠራው፣ ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አብረሽ የምትወስጂ ከሆነማ ላሞትሪጂኑ ደም ውስጥ ይበልጥ ይከማቻል። ያለ መድኃኒት መቆየትም ጥሩ አይደለምና ዛሬ ለሐኪምሽ ደውዪ።