ኮንቴይነር ውስጥ ሪል ታይም ትሬድ እምቢ ሲል

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል፣ የክር መጠቅለያ ማሽኑን ሞተር የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ሆስቱ (ዋናው ማሽን) ላይ ቀጥ ብሎ ይሰራል፣ ዶከር ኮንቴይነር (ፕሮግራም ለብቻው ተከልሎ የሚሮጥበት ሳጥን) ውስጥ ስታስገባው ግን ትሬዱን (የፕሮግራሙን አንድ የስራ ክር) ሪል ታይም፣ ማለት ሳይዘገይ በሰዓቱ የሚሮጥ፣ ላድርግ ሲል «ኦፕሬሽን ኖት ፐርሚትድ» (አይፈቀድም) ብሎ ይቆማል፣ ሩትም (ዋናው አስተዳዳሪ ዩዘር) ሆነህ ያው። እኔንም ሸዋ ሮቢት አንድ የውሃ ፓምፕ ስራ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ያንከራተተኝ ይሄው ነው፣ ስህተቱ አንድ ይምሰል እንጂ የተዘጋው በር ሁለት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው በር ፈቃድ ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ሩት ሙሉ ሩት አይደለም፣ ዶከር ብዙ ስልጣን ገፎ ነው የሚያስገባው፣ ሲስ ናይስ የሚባለው፣ ትሬድን ሪል ታይም የማድረግ ፈቃድ፣ ከተገፈፉት አንዱ ነው። ኮንቴይነሩን ስታስነሳው ካፕ አድ በሚለው አማራጭ እሱን ጨምርለት። ፕሮግራሙ በተራ ዩዘር የሚሮጥ ከሆነ ግን ይሄ ብቻውን አይበቃም፣ ዩሊሚት በሚለው የገደብ አማራጭ አርቲፕሪዮውንም (የሚፈቀድለትን የሪል ታይም ፕራዮሪቲ ጣሪያ) 80 አድርግለት። ፕሪቪሌጅድ (ሁሉን ስልጣን የሚሰጥ) አርገህ ልገላገል እንዳትል እባክህ፣ ሆስቱን ከፍተህ መስጠት ነው፣ ቀጥዬ ለምነግርህ ለሁለተኛው በር ደሞ ምንም አይጠቅምህም።

ከዛ ኮንቴይነሩ ውስጥ በሩት ገብተህ በሲኤችአርቲ (ፕሮግራምን በሪል ታይም የሚያስሮጥ ትዕዛዝ) ፊፎ በሚባለው የሪል ታይም አይነት ፕራዮሪቲ 50 ብለህ አንድ ተራ ትዕዛዝ ሞክር። አሁንም እምቢ ካለ ሁለተኛው በር ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ጋ ነው ነገሩ። ሆስቱ ላይ ቡት ፎልደር ውስጥ ያለውን የከርነል ኮንፊግ ፋይል ክፈትና አርቲ ግሩፕ ስኬድ የሚለው «ዋይ» (የበራ) መሆኑን እይ። ከሆነ፣ በሲግሩፕ (ከርነሉ ፕሮግራሞችን በቡድን ከፍሎ ሲፒዩና ሜሞሪ የሚያካፍልበት ዘዴ) ቨርዥን 1 ለአዲስ ግሩፕ የሚሰጠው የሪል ታይም ጊዜ 0 ነው፣ ፈቃድ አለህ ጊዜ ግን የለህም። መጀመሪያ የዶከር ዴመኑን (ከጀርባ የሚሮጠውን ዋናውን የዶከር ፕሮግራም) በሲፒዩ አርቲ ራንታይም 950000 ማይክሮ ሰከንድ አስነሳው፣ ቀጥሎ ለኮንቴይነሩ ከዛ ያልበለጠ ስጠው፣ ወላጁ ሳይኖረው ልጁ አያገኝም። ቨርዥን 2 ላይ ከሆንክ ይሄ መንገድ የለም፣ አርቲ ግሩፕ ስኬድ ያልበራበት ከርነል ጫን።

የምለምንህ ነገር፣ ሆስቱ ላይ ያለውን የ950000 የሪል ታይም ገደብ ወደ ኔጌቲቭ 1 (ገደብ የለሽ) እንዳትቀይረው። ከ1000000 ማይክሮ ሰከንድ የምትተርፈው 5 ፐርሰንት ናት በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ገብተህ ማሽኑን የምታድንባት። ፊፎ ማለት ወፍጮ ቤት ገብሱ እስኪያልቅ የማይነሳ ሰው ነው፣ በፕራዮሪቲ የሚበልጠው ካልመጣ በቀር፣ ሉፑ ላይ ማስተኛት ከረሳህ ያ ኮር አለቀለት።

ሪል ታይም ከርነል ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ፋይል) ውስጥ ልጫን ወይ ላልከው አይሆንም፣ ኮንቴይነር የሚጠቀመው የሆስቱን ከርነል ነው። ከርነሉን ሪል ታይም የሚያደርገው ፕሪኤምፕት አርቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ከርነል 6.12 ላይ ዋናው ውስጥ ስለገባ ድሮ እንደነበረው ፓች ፍለጋ አትደክምም። ሜምሎክ የሚባለውንም ገደብ በዩሊሚት ክፈትለት፣ ሜሞሪው ራም ላይ እንዲቆለፍ። ይሄን ስትጨርስ ማሽኑን ስራ አብዝተህበት ሌሊቱን ሳይክሊክ ቴስት (መዘግየትን የሚለካ ፕሮግራም) አሩጥ፣ ጠዋት ስታየው አማካዩን ተወው፣ ማክስ የሚለውን፣ ትልቁን መዘግየት፣ ቁጥር ላክልኝ።