ሐዋሳ ላይ ቤት ልትከራዩ ነው? ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ?

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ሥራዬ አንድ ነው። ከውጭ ለሚመጡ ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ከስደት ለሚመለሱ ወገኖች ቤት አፈላልጋለሁ፣ ውል አስፈጽማለሁ፣ ሰፈሩን እስኪለምዱት አብሬያቸው እቆማለሁ። ደላላ አይደለሁም፤ ከማንም ኮሚሽን አልቀበልም። በየሳምንቱ ተመሳሳይ ጥያቄ በስልክ ስለሚመጣልኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ለሁላችሁም ልመልስ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን አራት ባለሙያዎች ከሕንድ ሊያመጣ ነው። ሁሉም ሐይቅ ዳር ካልሆነ ብለዋል። ምን ትመክሪናለሽ?

ሐይቁን በቀን አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። እውነት ነው፣ የማታው ነፋስ፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በእግር መንሸራሸሩ፣ ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ ትኩስ ዓሣ መብላቱ ሌላ ቦታ አይገኝም። እኔም እወደዋለሁ። ግን የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ በበዛበት ዓመት ውሃው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ የተሠራ ቤትም እርጥበት ይስባል። ስለዚህ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል በእጃችሁ ዳብሱት። ቀለሙ ካበጠ ወይም ሲነኩት እንደ ዱቄት ከረገፈ፣ በላዩ አዲስ ቀለም ቢቀባም እጅ ላይ ይታወቃል።

ወባም አለ። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ይህ ደግሞ ለወባ ትንኝ የሚመች ዝቅታ ነው። አዲስ አበባ ከርመው የሚመጡ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ። ለአራቱም አጎበር ይገዛላቸው፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ያለሱ እንዳይተኙ። ትኩሳት ከጀመራቸው ደግሞ «ጉንፋን ነው» ብለው እንዳያሳልፉት፣ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ጉማሬም ማታ ሣር ሊግጥ ከውሃው ይወጣል፤ በጨለማ ዳርቻ ለዳርቻ መሄድ እንደማይቻል ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

ፒያሳ ዙሪያ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው፣ ጫጫታው ግን አለ። ገብርኤል አካባቢ ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 መንገዱ በሰው እንደሚሞላ ይወቁት። ቀድሞ የተነገረው ሰው ወጥቶ በዓሉን አብሮ ያከብራል፣ ያልተነገረው ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ ቤት ለማየት ስሄድ ምን ምን ልይ? ሁሉም ያምራል፣ ከዚያ ገብቼ ስኖር ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሁለት ጊዜ ሂጂ እኅቴ። አንዴ በቀን፣ አንዴ ምሽት 2 ሰዓት ላይ። ማታ የመንገዱ መብራት ይበራ እንደሆነ፣ ባጃጅ እስከ በሩ ይገባ እንደሆነ፣ ጎረቤት ያለው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ይታይሻል። ቀን ዝም ያለ ግቢ ማታ ከጎኑ ሙዚቃ ሊኖር ይችላል።

ውሃውን ራስሽ ክፈቺ። ባለፈው አንድ ፎቅ ቤት ልናይ ሄድን። ባለቤቱ ግቢ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ከፈተልን፣ ውሃው ፏ አለ። «እዚህ ቤት ውሃ ጠፍቶ አያውቅም» አለን። ላይኛው ፎቅ ወጥቼ የመታጠቢያውን ስከፍተው ቧንቧው ሁለቴ ሳል ሳል አለና ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ሮቶው መሬት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ፓምፕም የለውም፤ ውሃው እንዴት ብሎ ወደ ላይ ይውጣ? ያን ቤት ትተነው ሄድን። ስለዚህ ሮቶው የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ምን እንደሚሆን ጠይቂ።

ቆጣሪውን እይው። የብቻሽ ነው ወይስ ከሰርቪሱ ተከራዮች ጋር የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። የመብራትና የውሃ ውዝፍ እንደሌለበትም የመጨረሻውን ደረሰኝ አሳዩኝ በይ።

ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ፈልጊ። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ በጥር 2008 መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሰው በሌሊት ከቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ ያደረበትን ጊዜ አልረሳውም። በፀጉር ልክ የቀጠነ የልስን ስንጥቅ ብዙም አያሳስብም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ግንበኛ ሳያየው አትፈርሚ።

አንድ ነገር አደራ የምለው የመስኮት ብረቱን ነው። ሁሉም መስኮት በብረት ፍርግርግ ተበይዶ ከተዘጋ፣ እሳት ቢነሳ በየት ትወጫለሽ? ከመኝታ ክፍል ቢያንስ አንዱ በማጠፊያ የሚከፈትና ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ቁልፉንም ሁልጊዜ እዚያው አጠገብ አንጠልጥይው፣ ሕፃን የማይደርስበት አዋቂ ግን በጨለማ የሚያገኘው ቦታ።

ጥያቄ፦ አጥሩ ላይ ሽቦ ላስጨምር ወይስ ካሜራ ልግጠም? ለሌባ የሚሻለው የቱ ነው?

መጀመሪያ የበሩን ቁልፍ ቀይር። ይሄን ስል ከራሴ ሥራ ያየሁትን ይዤ ነው። ከስሪላንካ ለመጣ ሱፐርቫይዘር ቤት ተከራየንለት። አጥሩ ከፍ ያለ ግንብ ነው፣ ሽቦው ሦስት ዙር ተጠምጥሞበታል። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ውሎ ሲመለስ ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ የሉም። ሽቦው አልተነካም፣ መስኮት አልተሰበረም፣ በሩም እንደተቆለፈ ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ተከራዮች ቁልፉን ለስንት ሰው እንዳስቀረጹ ማን ያውቃል! ልጁ የተሰረቀው ዕቃ አይደለም ያሳዘነው፣ ሰው ቤቱ በሰላም ገብቶ መውጣቱ ነው። ለወር ያህል ወንበር በሩ ላይ አስደግፎ ይተኛ ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነበር፣ ቁልፉን በመጀመሪያው ቀን ማስቀየር ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከመግባቱ በፊት የግቢውም የቤቱም በር ቁልፍ ሲሊንደር ሳይቀየር አላስገባም። ከሽቦም ከካሜራም ዋጋው ያነሰ ነው።

ከዚያ ዘበኛ። ዘበኛ ስትቀጥር ተያዥ ያምጣ፣ የሱም የተያዡም መታወቂያ ኮፒ በእጅህ ይኑር። ሰው ስላላመንከው አይደለም፣ የአገሩ ወግ ነው፣ እሱም ይጠብቀዋል። ያለ ተያዥ «የማውቀው ልጅ አለ» የሚሉህን በምስጋና እለፋቸው። የሚያድርበት ክፍል ዝናብ የማያስገባ ይሁን፣ ብርድ ልብስና ባትሪ ስጠው፣ ደመወዙን በቀኑ ክፈል። ሌሊቱን ሙሉ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ያንተን ቤት የሚጠብቅ ሰው አትጠብቅ።

ካሜራ ጥሩ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ባትሪ ከሌለው አብሮ ይጠፋል። በደጅ የሚበራ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ከካሜራው በፊት አድርገው።

ከሁሉ በላይ ግን ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለወሬ አይደለም። የማያውቁት ሰው ከግቢህ ዕቃ ሲያወጣ «ማን ነህ?» ብለው የሚጠይቁት እነሱ ናቸው፣ የሚጠይቁት ግን አንተን ካወቁህ ነው። በዚያ የስሪላንካው ልጅ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ዕቃው ሲጫን አይቷል፤ ልጁን በስም አያውቀውም፣ የሚለቅ መስሎት ዝም አለ። ይኼ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጡ፣ እሱም በዶላር ይሁን አለን። ይቻላል?

አይቻልም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ውሉ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም፣ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ያላችሁበት ቀበሌ ሄዳችሁ ምዝገባው የት እንደሚካሄድ ጠይቁ። ያለ ፈቃድ በአገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መገበያየትም ክልክል ነው። ዶላር በእጁ የሰጠ ተከራይ ነገ ክርክር ቢነሳ ደረሰኝ የለው፣ ሕግ ፊት የሚያቀርበው የለው። ብሩ በ2016 ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አከራዮች የሰጉት ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን መፍትሔው ይሄ አይደለም።

የደላላውንም ክፍያ ቤቱን ሳታዩ በፊት ተስማሙ። በኋላ ስለሱ መጨቃጨቅ አዲስ ለመጣ ሰው በጣም ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ አሜሪካ ነው፣ ወንድሙ ልፈርምላችሁ ይላል።

ውክልናውን አሳየኝ በሉት። ቤት የማከራየት ሥልጣን በግልጽ የተጻፈበት፣ የተረጋገጠ ውክልና። የይዞታ ካርታውም ላይ ያለው ስም ከወካዩ ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። ባለቤቱን በቪዲዮ አናግሩት፣ ኪራዩም በሱ ስም ባለ ሒሳብ ይግባ። «ወንድሜ ነው» ብቻውን ሰነድ አይሆንም። ወንድማማች ሲጣላ ተከራዩ ነው መሐል የሚቀረው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ስዊድን 30 ዓመት ኖርኩ። ዜግነቴም የዚያ ነው። ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ ልገባ ነው። ቤት ልግዛ ወይስ ልከራይ?

እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፣ አገርዎ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ካርድ ያውጡ፣ ማለቴ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት እሱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤትም መግዛት ይችላል። በ2017 የወጣው፣ የውጭ ዜጎች ቤት እንዲይዙ የሚፈቅደው አዋጅ ቢያንስ 150,000 ዶላር ስለሚጠይቅ እሱ መንገድ ለእርስዎ አያስፈልግም።

ግን አይቸኩሉ። መጀመሪያ ይከራዩ። 30 ዓመት የቆየ ሰው የተወለደበትን ሰፈር ፈልጎ ይመጣል፣ ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ሆኗል። ክረምቱን አይተው፣ በጋውን አይተው፣ ልብዎ የት እንደሚያርፍ ካወቁ በኋላ ይግዙ። ሲገዙም የሚገዙት ቤቱን ነው፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ካርታው ንጹሕ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመሬት አስተዳደር ሳያረጋግጡ አንድ ብር ቀብድ አይስጡ። ዘመድም ቢሆን።

ጥያቄ፦ የቧንቧውን ውሃ አፍልቼ ብጠጣ ችግር አለው?

ማፍላት ጀርሙን ይገድላል። ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጉድጓድ ያለው ግቢ ከሆነ ለመጠጥና ለሕፃናት ምግብ አትጠቀሚበት። ለመታጠቢያ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ኪራይ ከፈልኩ ይላል፣ አከራዩ አልከፈልክም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ይመስለኛል።

ካሌንደር ነው። አለቃህ በፈረንጅ ወር ይቆጥራል፣ አከራዩ በእኛ። ውሉ ላይ ሁለቱም ቀን ይጻፍ፣ ጳጉሜም ይቆጠር አይቆጠር አብሮ ይጻፍ። ሰዓትም እንደዚያው፤ «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» ብለውት ከሰዓት በኋላ የመጣ ስንት ሰው አለ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፈረንሳዊት ናት። ወጣ ስትል ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሏታል። ፈርታ ከቤት መውጣት ትታለች።

አይዞህ ወንድሜ፣ አይዟት። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፣ ግን ለሷ ይከብዳታል፣ ይሄን አታቃልልባት። እንዲህ አድርጉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍሉና የግራውን፣ የቀኙን፣ የፊት ለፊቱን ጎረቤት ጥሩ። ፈንዲሻ ይበቃል። እናቶቹ ስሟን ይወቁ። አንዴ ስሟን ካወቁ ልጆቻቸውን «ፈረንጅ አትበሏት፣ ስም አላት» የሚሉት እነሱ ናቸው። እኔ ያስገባኋት አንዲት ጀርመናዊት መምህርት በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ በስሟ እየጠሩ ቦርሳዋን ይሸከሙላት ነበር።

የሰፈሩን ዕድርም ጠይቁና ተመዝገቡ። ለቀብር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዕድር አባል የሆነ ሰው ቤት የሰፈሩ ቤት ነው፣ ሲታመም የሚጠየቅ፣ ሳይታይ ሲውል «ምን ሆነ?» የሚባል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስም በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ይዘሃት ሂድ፣ ከጎረቤት ጋር።

ስልኳ ላይ ደግሞ የፖሊስ 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይመዝገብ። የቅርቡን ፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ራስህ ሄደህ ጠይቅ፣ የፊት ለፊቷን እናት ቁጥር ግን ከሁሉም ላይ አድርግላት። ሌሊት መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው።