ምልክት የሌለው የደን መንገድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከከተማው ወጣ ብሎ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥብቅ ደን አለ። የእግር መንገዱ ደርሶ መልስ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ከምሳ በኋላ ብገባ 2 ሰዓት ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም። በአስፋልት ላይ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ በደን ውስጥ ግን ርቀት ብቻውን ብዙም አይናገርም፣ ሽቅቡን ማወቅ አለብዎት። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ሌላ 1 ሰዓት። 100 ሜትር በወጡ ቁጥር 10 ደቂቃ ይጨምራሉ ማለት ነው። መንገዱ በድምሩ 450 ሜትር ሽቅብ ካለው፣ 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃና 45 ደቂቃ ተደምሮ 2 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ዕረፍት ሳይቆጠር፣ እግሩ ለጠና ሰው፣ በጠራ መንገድ ላይ ነው። ሰው በማይበዛበት ደን የወደቀ ግንድ ይዘጋል፣ ሐረግ ይተበትባል፣ ዱካ ፍለጋው ራሱ ያቆማል፤ ግማሹን ያክሉበት። ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል።

«በድምሩ» ያልነው ሆን ብለን ነው። ብዙ ሰው የመነሻውንና የጫፉን ከፍታ ብቻ አቀናንሶ ይሄዳል። መሐል ላይ ወርደው የሚወጡት ሸለቆ ሁሉ ይቆጠራል፣ ሲመለሱም እንደገና።

ከመግባትዎ በፊት የመመለሻ ሰዓትዎን ይቁረጡ። ፀሐይ ከመጥለቋ 1 ሰዓት ቀድመው ከደኑ መውጣት አለብዎት፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ሜዳው ገና ብርሃን ሳለ ይጨልማል። መውጫው በር ከዚያ በፊት የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የሚከተሉት የበሩን ሰዓት ነው፤ ጥበቃውን ይጠይቁ። ካለዎት ጊዜ ግማሹ ሲያልቅ ይመለሱ፣ ጫፉ 200 ሜትር ቢቀረውም። ቁልቁል ወርደው ሽቅብ የሚመለሱበት ገደል ከሆነ ግን ሲሶው ሲያልቅ ነው የሚዞሩት።

ጥያቄ፦ ዱካው ለሁለት ሲከፈል የሰውና የእንስሳውን እንዴት እለያለሁ?

መልስ፦ ቅርንጫፎቹን ይመልከቱ። መሬቱ ጥርግ ብሎ ሳለ ቅርንጫፎቹ ከወገብ በታች ወርደው መንገዱን ከጋረዱት፣ እዚያ የሚያልፈው ጎንበስ ማለት የማያስፈልገው ፍጡር ነው። የእንስሳ ዱካ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሄዶ ይበታተናል፣ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። የሰው መንገድ ላይ በስለት የተቆረጠ የቅርንጫፍ ጉቶ፣ በረግረጉ ላይ የተደረደረ ድንጋይ፣ ውሃ እንዲያወርድ የተቆፈረ ቦይ ያገኛሉ።

ሰው የሚጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ነው። ሲገቡ ከጎን መጥቶ የእርስዎን መንገድ የተቀላቀለው ዱካ ከኋላዎ ስለሚቀር ዓይንዎ ውስጥ አይገባም። ሲመለሱ ግን ያው ቦታ ሁለት እኩል የሚመስሉ መንገዶች ሆኖ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው፣ በየመጋጠሚያውም ላይ ዞር ብለው የመጡበትን ይዩ፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ፎቶው ወደ ኋላ ዞረው የተነሳ መሆን አለበት። ወደ ፊት ያነሱት ለመመለሻ አይረዳም።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ከሌለ የስልኬ ጂፒኤስ ይሠራል?

መልስ፦ ጂፒኤሱ ምልክቱን የሚቀበለው ከሳተላይት ስለሆነ ይሠራል። የሚጠፋው ካርታው ነው፤ ቀድመው ካላወረዱት ያሉበትን የምታሳየው ነጥብ ባዶ ስክሪን ላይ ትቆማለች። ማታውኑ ካርታውን አውርደው ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉትና የሚሄዱበትን አካባቢ አጉልተው ይዩት። መንገዶቹ ከታዩ ወርዷል። በጉዞም ላይ በዚሁ ሞድ ቢያቆዩት ባትሪ ይቆጥባል፤ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ሲፈልግ ነው ቶሎ የሚያልቀው። በጥቅጥቅ ዛፍ ሥርና በገደል ውስጥ ነጥቧ በአሥር ሜትሮች ልትስት ትችላለች፤ ዱካውን ትተው እሷን አይከተሉ።

ጥያቄ፦ ብንጠፋስ?

መልስ፦ ይቁሙ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ። እርግጠኛ የነበሩበት የመጨረሻ ቦታ የት እንደሆነ ያስቡ፤ ዱካዎ ጥርት ብሎ ከታየዎት ብቻ ወደዚያው ይመለሱ፣ ካልታየዎት ባሉበት ይቆዩ። «ወንዝ ተከትለህ ውረድ» የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ወንዝ ፏፏቴና ገደል ጋ ያደርሳል፣ ድምፁም ጩኸትዎን ይውጠዋል። ፊሽካ ይያዙ፦ በ1 ደቂቃ 6 ጊዜ ይነፋል፣ 1 ደቂቃ ዝም ይባላል፣ ይደገማል። የሰማ ሰው 3 ጊዜ ነፍቶ ይመልሳል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ፈላጊ ካለ ነው። በየትኛው በር እንደሚገቡ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰዓት ድረስ ካልደወሉ እንደጠፉ እንዲቆጠር ለአንድ ሰው ጽፈው ይተዉ።

ጥያቄ፦ መንገዱ ጭቃ ሲሆን በዳር በዳሩ ማለፍ ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ዳሩን ሲረግጡ ሣሩ ይሞታል፣ እሱም ጭቃ ይሆናል፣ ቀጣዩ ሰው ደግሞ ከእሱ ወጣ ይላል፤ አንድ ክንድ የነበረው መንገድ በአንድ ክረምት ይሰፋል። በመሐሉ ይለፉ።

ጥያቄ፦ ቁልቁል ስወርድ የእግሬ ጣት ጫማው ጫፍ ላይ እየተመታ ያመኛል።

መልስ፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ተረከዝዎን ወደ ኋላ አስጠግተው ክሩን በቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ አድርገው እንደገና ይሰሩት፤ እግር ወደ ፊት የሚንሸራተተው እዚያ ጋ ሲላላ ነው። የእግር ጥፍርዎን ከአንድ ቀን በፊት ይቁረጡ። የሆነ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር ሳይዘገዩ ቆመው ካልሲውን ያውልቁ፣ እግርዎን ያድርቁ፣ ያቃጠለዎት ቦታ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ፕላስተሩ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድነውም።