የራሱን ሆድ የሚያጠጣው ማጠጫ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ጓደኛዬ አንድ ፎቶ አሳየችኝ፣ የአትክልት ማጠጫ ነው ግን ውሃ ማፍሰሻው ቱቦ ተጠምዝዞ ወደራሱ ሆድ ተመልሷል፣ ብታዘነብሉት ውሃው እዛው ተመልሶ ነው የሚገባው። ሌላ ፎቶ ላይ ደሞ ጣቱ ጋ ክፍት የሆነ የዝናብ ቦቲ አለ! ወንድሜ የፋብሪካ ስህተት ነው ይላል፣ እኔ ኤአይ የሰራው ነው ባይ ነኝ። የቱ ነው? የእውነት ከሆነስ ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ አይነት ነገር የሚሰራው?
ግራ የገባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። ሆን ተብሎ የተሰራ ነው። ሰሪዋ ካተሪና ካምፕራኒ የምትባል የአቴንስ አርክቴክት ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስራዬ ብላ የማይመቹ ዕቃዎች ዲዛይን ታደርጋለች። ሁለቱም ጆሮው በአንድ በኩል የሆነ ድስት አላት፣ የኮንክሪት ጃንጥላ አላት፣ የኔ ምርጥ ግን ሹካዋ ነው። ሹካው ሲያዩት ያምራል፣ ጥርሱ ልክ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ እጀታውና ጥርሱ የተያያዙት ግን በሰንሰለት ነው፣ እና ስታነሺው ጥርሱ ቁልቁል ይንጠለጠላል፣ ፓስታው ጋ እንደምንም ይደርስ ይሆናል አፍሽ ጋ ግን በጭራሽ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ የተሳሉ ናቸው፣ ስለዚህ ጥርጣሬሽ ያን ያህል አልራቀም፣ ግን በእጅ የሚያዙ ሆነው ተሰርተው ኤግዚቢሽን ላይ የቀረቡም አሉ።

ለምን ላልሽው፣ አንዱ ምክንያት መሳቅ ነው፣ እሱም አይናቅም። ሌላው ግን በየቀኑ የምንይዘውን ሹካ ማንም ልብ ብሎ አያየውም፣ አልሰራም ሲል ነው ለካ እጀታው ይሄን ሁሉ ስራ ይሰራ ነበር የምንለው። ነገሩም አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው አርቲስት ማን ሬይ እ.ኤ.አ. በ1921 ፓሪስ ውስጥ የካውያ መተኮሻ ፊት ላይ ሚስማር ደርድሮ ለጥፎ «ስጦታ» ብሎ ለኤግዚቢሽን አቀረበው፣ እዛው ቀን ተሰረቀ። ሌባው ምን ሊተኩስበት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ጃፓኖቹ ደሞ በሌላ በኩል ነው የመጡት። ኬንጂ ካዋካሚ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቺንዶጉ የሚባል ነገር ጀመረ። እዚህ ዕቃው ችግር ይፈታል፣ ግን ስትጠቀሚበት ከችግሩ በላይ ታፍሪያለሽ፦ አለርጂ አፍንጫውን ለሚያፈሰው ሰው ጭንቅላት ላይ የሚታሰር የሶፍት ጥቅል፣ ጫማ አፍንጫ ላይ የሚተከል ሚጢጢ ጃንጥላ። ህግም አለው፣ በወረቀት ላይ ብቻ መሳል አይበቃም ዕቃው ተሰርቶ መገኘት አለበት፣ መሸጥ ክልክል፣ ፓተንት ማውጣትም ክልክል። የሚያስቀው እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝኛ በወጣው የስብስብ መጽሐፋቸው ውስጥ ዱላ ጫፍ ላይ ካሜራ አስሮ ራስን ፎቶ ማንሻ ነበረበት፣ ያኔ ቀልድ ነበር፣ አሁን ሰርግ ቤት ሁለት ሶስቱ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ የዲዛይን ተማሪ ነኝ። የማይረባ ዕቃ ሰርታችሁ ኑ ተብለን እኔ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይዤ ሄድኩ፣ መምህሩ ይሄ አይደለም ብሎ መለሰኝ። ለምን? አይረባም እኮ!
ከባህር ዳር

መልስ፦ ወንድማችን፣ መምህሩ ልክ ነው። የተሰበረ ወንበርማ ስንት ቤት አለ። ጨዋታው አንድ ነገር ብቻ ነክቶ ሌላውን ሁሉ አሳምሮ መስራት ነው። ጀበና አስብ፣ ሆዷ ልክ፣ አንገቷ ልክ፣ ሸክላው በደንብ የበሰለ፣ እጀታዋ ግን ቡናው በሚፈስበት በኩል የተለጠፈ፣ አቦሉን የሚጠጣው የራስህ እጅ ነው ማለት ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ካሬልማን እ.ኤ.አ. በ1969 ልክ እንደዚህ አይነት የቡና ማንቆርቆሪያ ስሏል፣ እስካሁን ዲዛይን የሚያስተምሩ ሰዎች ሲያሳዩት ይኖራሉ። እጀታው የት መሆን እንዳለበት የማያውቅ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊያበላሸው አይችልም።

ስለዚህ ወንበሩን መልሰህ ጠግነው፣ አራቱም እግሩ ይጥና፣ ቫርኒሽ ቀባው፣ ከዛ መቀመጫውን ብቻ ትንሽ ወደፊት አዘንብለው፣ የተቀመጠው ሰው ቀስ እያለ እንዲንሸራተት ያህል። መምህሩ ሊሞክረው ሲል ግን ከፊቱ ቁም።