ስእለቴን እንደ ድሮው መፈጸም ቢያቅተኝስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። ባለቤቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጅ ስንለምን «ከሰጠኸን በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በእግራችን እንመጣለን» ብለን ተስለን፣ ሴት ልጅ ተሰጠችን፤ የደንገጎንም ዳገት ብዙ ዓመት አብረን ወጣን። ዛሬ እርሱ ዐርፏል፤ እኔም የከዚራውን ቤት ለቅቄ ሳቢያን ሰፈር ልጄ ዘንድ ገብቻለሁ። ጉልበቴ ታሞ ጧት ከሰገድሁ በኋላ የምነሣው የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ነው። ልጄ «በመኪና ልውሰድሽ» ትለኛለች፤ ለእኔ ግን ስእለቴም ኑሮዬም የፈረሰ ይመስለኛል።

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር የባለቤትዎን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 5 የተሳሉትን መፈጸም እንደሚገባ አጥብቆ ያዝዛልና ስለ ስእለትዎ መጨነቅዎ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ስእለት የደነገገው ሕግ ራሱ የሰው አቅም እንደሚለያይ ያውቃል። በኦሪት ዘሌዋውያን 27፥8 የተሳለው ሰው የተተመነበትን መክፈል ቢያቅተው በካህኑ ፊት እንዲቆም፣ ካህኑም እንደ ችሎታው እንዲገምተው ታዝዟል። ሰውየው በገዛ ፈቃዱ አይቀንስም፤ ስእለቱንም እርግፍ አድርጎ አይተውም። እርስዎም ለንስሐ አባትዎ ሁሉንም ይንገሯቸው፤ «በመኪና ይሂዱ» ካሉዎት ያለ አንዳች ሥጋት ይሂዱ። ስግደቱንም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው በንስሐ አባት ምክር ታቀልለታለችና ተቀምጠው ዳዊትዎን ይድገሙ።

ከስእለቱ ይልቅ ያሳሰበኝ ኑሮዬ ፈረሰ ማለትዎ ነው። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ፣ በሙላት ወጥታ ባዶዋን እንደ ተመለሰች ለሴቶቹ ተናግራለች። መጽሐፉ ስለዚህ ንግግሯ አንድም የወቀሳ ቃል አልጻፈባትም፤ ስለዚህ «አሁንስ አታልቅሺ፣ በቃሽ» የሚሉዎትን ሰዎች እኔ አልደግፍም። ነገር ግን ኑኃሚን ይህን ስትናገር ምራቷ ሩት አጠገቧ ቆማ ነበር፤ የዳዊት አያት ኢዮቤድም የተወለደው ከሩት ነው። ዛሬ «በመኪና ልውሰድሽ» የምትልዎት ያቺው በስእለት የተገኘችው ልጅዎ ናት። ዳገቱን የወጡት ለእርሷ ከሆነ፣ እርሷ ይዛዎት ስትሄድ ስእለቱ እንዴት ፈረሰ ይባላል?

የሳቢያኑን ኑሮም እንደ እንግዳ አይኑሩት፤ አጥቢያዎን ይወቁ፣ ሰንበቴ ይግቡ፣ የባለቤትዎንም ስም በዚያው ያስጠሩ። የታኅሣሡ ሕዝብ እጅግ ብዙ ነውና ረጅም ሰዓት መቆም ለጉልበትዎ የሚከብድ ከሆነ፣ በዚያው በቁልቢ በሚከበረው በሐምሌ 19 መሄድ ይችሉ እንደ ሆነ የንስሐ አባትዎን አብረው ይጠይቋቸው።