ጌጣጌጥ ሥራን ከኮሌጅ ውጭ በእጅ መማር፤ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

አንጥረኛው፦ ዲግሪ ሳይሆን ሙያ ለምትፈልጉ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። የምትኖሩበትን ከተማና መሥራት የምትፈልጉትን ሳትነግሩኝ ግን «ጥሩ ትምህርት ቤት የት አለ?» አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ጥሩ የጌጣጌጥ ትምህርት ቤት የት አለ?

አንጥረኛው፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለእኔ አይሆንም፤ ሠዓሊም ቀራፂም መሆን አልፈልግም። የብር ቀለበትና የአንገት መስቀል መሥራት ነው ምኞቴ። ከየት ልጀምር?

አንጥረኛው፦ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። እኅቴ፣ መስታወት የደረደረ ወርቅ ቤት ገብተሽ አትጠይቂ፤ እዚያ ያለው ሻጭ ነው። ሠሪው ከጀርባ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የተበጠሰ ሐብል ለጥገና ይዘሽ ሂጂና «ሲሠራ ቆሜ ልየው?» በይ። ከፈቀደልሽ ሰው ጋር ወሬ ይጀመራል፤ «ትተሽው ሂጂ» ያለሽን እርሺው። ፒያሳ ብዙ ቦታ ስለፈረሰ የድሮ አድራሻ አትመኚ፤ እዚያው የቀሩትን «እገሌ ወዴት ገባ?» ብለሽ ጠይቂ።

ክፍያውን በወር ተስማሙና በጽሑፍ ይሁን። ከገንዘቡ በላይ የምትደራደሪው ግን እሳቱ በማን እጅ እንደሚሆን ነው። አንዳንዱ «አስተምራለሁ» ብሎ ወር ሙሉ ብናኝ ያስጠርጋል፣ ሻይ ያስልካል። በመጀመሪያው ሳምንት መጋዝ፣ በሁለተኛው እሳት ካልጨበጥሽ ውጪ።

አስተማሪውን የምትለዪው በብየዳ ነው። የማያውቅ ሰው እሳቱን መበየጃው ላይ፣ ማለትም ቀልጦ በሚያያይዘው የብር ቅይጥ ላይ ይደግናል። የሚያውቅ ቀለበቱን በሙሉ ዙሪያውን ያሞቃል፤ ቦራክሱ፣ መበየጃው እንዲሮጥ የሚቀባው ማለት ነው፣ መጀመሪያ ያብጣል፣ ይነጣል፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፤ ብሩ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያወጣ መበየጃው በቅጽበት መገጣጠሚያው ውስጥ ይሮጣል። መበየጃ ሙቀቱ ወዳለበት ይሄዳል፤ ክፍተት ግን አይሞላም። መገጣጠሚያውን ወደ ብርሃን አንሺው፤ ብርሃን ካሳለፈ ወደ ሞረድሽ ተመለሺ። ንጹህ ብር በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ መዳብ የተቀላቀለበት 925 (ከሺህ እጅ 925ቱ ብር የሆነው) ከዚያ በፊት መሸነፍ ይጀምራል። ስለዚህ ብየዳው ብዙ ከሆነ ዘግይቶ በሚቀልጠው፣ «ጠንካራ» በሚባለው መበየጃ ተጀምሮ ቶሎ በሚቀልጠው ይጨረሳል። ይህን ቅደም ተከተል የማይነግርሽ ሰው አስተማሪ አይደለም።

ደግሞ ማስጠንቀቂያ፦ በዝግ ቤት እሳት አትለኩሱ። ካድሚየም ያለበትን መበየጃ አትግዙ፤ ጭሱ ሳንባ ያቃጥላል። ከብየዳ በኋላ ብሩ የሚታጠብበት አሲድ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

ጥያቄ፦ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ?

አንጥረኛው፦ እነማን? ለቅጥር የሚሆን ወረቀት ከፈለግህ በአቅራቢያህ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጠይቅ። እኔ ስለ እጅ ነው የማወራው።

አስተያየት (ከጎንደር)፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። ለባዳ አያስተምሩም።

አስተያየት (ከእስራኤል)፦ ባዳው ስለናቀው ነው እንጂ! አያቴ ጎንደር አጠገብ ባለችው የቤተ እስራኤል መንደር፣ ወለቃ፣ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ ሲያሠሯቸው «አባባ»፣ ዞር ሲሉ «ቡዳ» ይሏቸው ነበር። ዛሬ ብር ሲወደድ ሁሉም ልማር አለ።

አስተያየት (ከጎንደር)፦ እኔ ማንንም አልሰደብኩም። እንዲያውም የድሮ ሠሪዎችን አከብራለሁ፤ የማሪያ ቴሬዛን ንጹህ ብር ያቀልጡ ስለነበር ሥራቸው አይጠቁርም።

አንጥረኛው፦ ክብሩ ይሁን፣ ብሩ ግን ንጹህ አልነበረም። ማሪያ ቴሬዛ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ። ይጠቁራል። ዓመተ ምሕረቱን አይታችሁም አትታለሉ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመታውም 1780 ነው የሚለው። ጀማሪ አያቅልጠው፤ መዳቡ እሳት ሲነካው ከላይ ጠቁሮ መወልወያ ያስፈጃችኋል። የዘሩን ክርክር ሌላ ቦታ ውሰዱልኝ። ለባዳ የሚያስተምሩ አሉ፤ እኔም ባዳ ነበርኩ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ቀን ሥራ አለኝ።

አንጥረኛው፦ እናንተማ ታድላችኋል። ግሌን ኤኮ ፓርክ ውስጥ ብር ሥራ የሚያስተምሩ አሉ፤ አሌክሳንድሪያ ያለውን አርት ሊግንም ተመልከት። የማኅበረሰብ ኮሌጆችን ለዲግሪ የማይቆጠር የማታ ኮርስ ጠይቅ። የከበረ ድንጋይ ወዳጆች ክበብም ፈልግ፤ ብዙዎቹ ለአባሎቻቸው የመቁረጫና የመሞረጃ ማሽን አላቸው።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ እዚህስ ጋሼ?

አንጥረኛው፦ ፎልክስሆህሹሌ፣ የጎልማሶች የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። የወርቅ ሥራ ኮርስ ብለህ ፈልግ። ቶሎ ይሞላል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የደላንታ ኦፓል በእጄ አለ። ቀለበት ላይ ማሰር የሚያስተምር ሰው ባገኝ ምን ልጠይቀው?

አንጥረኛው፦ ድንጋዩን መቼ እንደሚያስገባ ጠይቀው። «ከብየዳው በፊት» ካለህ ድንጋይህን ኪስህ ከትተህ ውጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. እዚያው ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ብትከተው ቀለሙ ይጠፋል፣ ብርጭቆ ይመስላል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፣ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ችግሩ ውኃ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ዘይትም፣ የመወልወያ ቆሻሻም ይጠጣል። በእሳት ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብየዳው፣ የአሲዱ እጥበት፣ ውልወላው ሁሉ ያልቅና ድንጋዩ መጨረሻ ይገባል። ዙሪያውን የሚያቅፍ ስስ የብር ከንፈር ሠርተህ፣ በአራት ተቃራኒ ቦታ ጫን ጫን አድርገህ ነው የምታጥፈው፤ ከአንድ ወገን ብትጀምር ድንጋዩ ይንሸራተታል። አሲድ ወደ ውኃ ነው ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ጥሩ ትምህርት ቤት የት አለ?

አንጥረኛው፦ የሰው ያለህ!

አስተያየት (ከሜሪላንድ)፦ ወንድሜ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ፤ ዛሬ ተቆጥተዋል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ አስተማሪ እስካገኝ በዩቲዩብ ልጀምር?

አንጥረኛው፦ መጋዝና ሞረድ፣ አዎ። እሳትና አሲድ ብቻህን፣ በጭራሽ። መጋዙን ስታስር ጥርሱ ወደ እጀታው ይመልከት፤ ስትነካው እንደ ክራር ክር ጥርት ብሎ ይጩህ። ንብ ሰም ቀባው፤ አትጫነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ራሱ ይቆርጣል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የመጋዙን ስለት ስንት ቁጥር ልግዛ?

አንጥረኛው፦ 0.8 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብር 2/0። በመዳብ ተለማመድ፤ ደግሞ አንድ ደርዘን ይበቃኛል አትበል፣ ሲሰበር ታየዋለህ።