ቀለሙ በሹል ጫፍ፣ ፕሮቲኑ ለምን ሰፍቶ?

ጥያቄ፦ በመስታወት ቺፕ ላይ ባለ ቀጭን ቦይ ውስጥ ቀለሞችንና ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ መስክ ስንለይ ለመለካት ሌዘር የሚመረጠው ለምንድን ነው? የፍሎረሲን ቀለም በግራፉ ላይ ሹል ጫፍ ሲሰጠን ቀለም የታሰረበት ፕሮቲን ግን ለምን ሰፍቶ ይወጣል?

መልስ፦ የቦዩ ጥልቀት ብዙ ጊዜ ጥቂት አሥር ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ብርሃን በናሙናው ውስጥ የሚያልፍበት ርቀት አጭር ነው፤ የሚመጠጠውም ብርሃን በጣም ስለሚያንስ በእሱ መለካት ያስቸግራል። ሌዘር ግን በጠባብ ነጥብ ላይ ያተኩራል፤ በ488 ናኖሜትር የተነቃቃው ፍሎረሲን 515 ናኖሜትር አካባቢ የሚያወጣውን አረንጓዴ ብርሃን ማጣሪያው ከሌዘሩ ለይቶ ስለሚያሳልፈው፣ መለኪያው የሚያየው በጨለማ ላይ የበራውን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

የፕሮቲኑ ጉዳይ ጠለቅ ያለ ነው። ከፕሮቲን ጋር የሚተሳሰረው የፍሎረሲን ዓይነት፣ ፍሎረሲን አይሶታዮሳያኔት፣ የሚታሰረው በዋናነት ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን መገንቢያ አሚኖች (ናይትሮጅን ባለባቸው ክፍሎች) ላይ ሲሆን፣ አንድ ፕሮቲን ብዙ ላይሲን ስላለው አንዱ ሞለኪውል ሁለት፣ ሌላው አምስት ቀለም ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ ትስስር የፕሮቲኑን ቻርጅ ስለሚቀይረው ሞለኪውሎቹ በተለያየ ፍጥነት ይጓዛሉ፤ በዚህ ላይ ፕሮቲን በመስታወቱ ግድግዳ ላይ መጣበቅ ይቀናዋል፤ ሁለቱም ጫፉን ያሰፉታል። በእኔ እምነት ቅድሚያ የሚገባው ግድግዳውን በተስማሚ ፖሊመር መሸፈን ነው። የሌዘሩን ኃይል ከልክ በላይ መጨመር ቀለሙን ያከስመዋል እንጂ ጫፉን አያጠበውም።